የመጽሐፍ ሰው መርዶ

በልጅነቱ ማንበብ የጀመረ ሰው ጉዳት የለውም። አንብቦ፣ ጠግቦ፣ ረስቶ ያድጋል፤ ኋላም ትዳር ይይዛል፣ ሥራ ይገባል፣ እንደማንኛችንም ሰው እያማ ይኖራል። የሚፈራው ከሃምሳ በኋላ የጀመረው ነው። እሱን ከሩቅ ያየ መንገድ ቢቀይር አይፈረድበትም። በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እናንተም ሰፈር አለ፣ እስኪ አስቡት። ጡረታ ወጥቶ፣ ልጆቹ ተበትነው፣ አንድ ቀን ዝናብ ሊጠለል የገባበት ቤት መጽሐፍ ገልጦ "ለካ እንዲህም አለ!" ብሎ በዚያው የቀረ። ከዚያች ቀን ወዲያ ሰላምታው መጽሐፍ ነው፣ ሐሜቱ መጽሐፍ ነው፣ ጸሎቱ ውስጥ ሳይቀር መጽሐፍ ገብቷል።

ለእኛ ከተማ፣ ለመካነ ሰላም፣ የደረሷት ክብርት እትዬ አሰጋሽ ናቸው። ክብርት የምንላቸው ለወጉ አይደለም። ሞባይል የሚባለው ነገር ሳይመጣ የከተማዋ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩና፣ ከደሴም ከአዲስ አበባም ከጅዳም የሚመጣ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ በእሳቸው ጆሮ ነበር የሚያልፈው። "ቁጥር ሁለት ይግቡ! ጮክ ብለው ያውሩ!" ሲሉ ድምፃቸው ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። ማን እንደከበረ፣ ማን እንደፈታ፣ ማን ከማን እንደተካሰሰ ከዳኛው ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ደግነታቸው ለማንም አለመናገራቸው ነው።

አንድ ነገር ግን በስልክ አላሳልፍም ይሉ ነበር፤ መርዶን። ደዋዩ "እገሌ አርፏል ብለሽ ንገሪልኝ" ሲላቸው "መስመሩ አይሰማም!" ብለው ይዘጉና ነጠላቸውን ለብሰው ሽማግሌ ፍለጋ ይወጣሉ። እኛ አገር የሞት ወሬ በመንገድ ላይ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም፣ ማታ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ ከደጅ ተደርሶ፣ ሰውየው ግራ ቀኙን ተይዞ ነው የሚነገረው። እትዬ አሰጋሽ በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም። ከተማው ውስጥ እሳቸው ያልመሩት መርዶ ቢኖር ጥቂት ነው።

መጽሐፍ የጀመሩት መናኸሪያው አጠገብ፣ ጀማሉዲን ሱቅ ውስጥ ነው። ጀማሉዲን የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ ሜሞሪ ላይ መንዙማና ዘፈን ይጭናል፤ ከጎን ደግሞ ተቀይሮ የሄደ አንድ አስተማሪ ትቶለት የሄደውን መጽሐፍ ያከራያል። ያከራያል እንጂ አያነብም። አባቱ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩና ኪታብ ሲያይ እጁን ይታጠባል፤ ልብ ወለድ የተባለው ግን ለእሱ ወሬ ነው፣ ወሬ ደግሞ ከመናኸሪያው በነፃ ይገኛል። መጽሐፎቹንም በሽፋናቸው ቀለም ነበር የሚያውቃቸው። "ቀዩ ወጥቷል፣ ቡናማው አለ፣ ሰማያዊው ሽፋኑ ተገንጥሏል" ይላል፣ ስለ በሬ እንደሚያወራ ሰው።

እትዬ አሰጋሽ ወደ ሱቁ የሚመላለሱት ለስልካቸው ነበር። አንድ ልጃቸው ደርበው ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወጥቷል። ከባሕሩ ዳር ደውሎ "እማ፣ ነገ ያሻግሩናል፤ ስደርስ እደውላለሁ" አላቸው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም። እሳቸውም በየጠዋቱ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይመጡና፣

"ጀማልዬ፣ እስኪ ይቺን እያት፤ ደህና ናት?"

"ደህና ናት እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አትጮህም?"

ጀማሉዲን ከራሱ ስልክ ይደውልላቸዋል። ስልኩ ይጮሃል። የዕድሜያቸውን እኩሌታ ስልክ ሲያገናኙ የኖሩት ሴትዮ ድምፁን ሰምተው ራሳቸውን ይነቀንቁና "እንግዲያው እሱ ጋ ነው ችግሩ" ብለው ዱካው ላይ ይቀመጣሉ። ከተቀመጡ ደግሞ ቶሎ አይነሱም። የወሎ ቦረና ክረምት እንደምታውቁት ነው፤ ጉሙ ከጠዋት ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ መኪና ከአቀስታ ይምጣ ከገደሉ ይውጣ አይታወቅም። እንዲህ ባለ ቀን ነው እጃቸው ሳያስበው ቡናማዋን ያነሳት። ሱቁ ሲዘጋ ጀማሉዲን ትከሻቸውን ነካ አድርጎ "እትዬ፣ መሸ" አላቸው። ቀና ብለው አዩት፤ ማን እንደሆነ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! መጽሐፍ ሲመርጡ ማየት ነው። ለልጅ ሚስት የሚያጭ ሰው እንዲያ አይጠይቅም። "አገሩ የት ነው? እናቱ አለች? ወንድም እህት አለው? ይጠጣል?" ሽፋኑ ላይ ጠመንጃ ካለ ወዲያ ይገፉታል፤ "ጠመንጃ የተሰቀለበት ቤት አልገባም።" ቆንጆ ሴት ካለችበት አተኩረው አይተው "ይቺ መከራ ታመጣለች" ብለው ይወስዱታል። ከሁሉም በኋላ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ጀማሉዲንን በልመና ዓይን ያዩና የታወቀችውን ቃላቸውን ያወጣሉ።

"መጨረሻውን አትንገረኝ! አደራ፣ እንዳትነግረኝ! ደህና መሆኑን ብቻ ንገረኝ።"

"ደህና ነው እትዬ" ይላል ጀማሉዲን፣ አንድ ገጽ ሳያነብ።

አንድ ሰሞን ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘው ለጎረቤታቸው ለብርሀንነሽ "ያቺ ብልሹ ባሏን ጥላ ከእህል ነጋዴው ጋር ሄደችልሽ" ብለው በቁጭት ይናገራሉ። ብርሀንነሽ ወሬ ሆዷ ውስጥ ሲያድር የሚያማት ሴት ናት። ምሳ ሳይደርስ ከተማው ሦስት ሴት ጠርጥሮ ጨረሰ፤ አንዱ ባል መስሪያ ቤቱን ጥሎ ቤቱን ሊያይ ሮጠ፣ የእህል ነጋዴዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ተገላመጡ። እትዬ አሰጋሽ ሲጠየቁ "ኧረ የመጽሐፍ ሴት ናት!" አሉ፤ አሉና ደግሞ፣ "ቢሆንስ? ባሏ ሰው አይደለም?"

ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለአንዲት ሟች ጸሎት ይዘው ነበር። ቄሱ "ክርስትና ስሟ ማነው?" አሏቸው። "ደራሲው አልጻፈውም አባቴ።" ቄሱ ትንሽ አሰቡና "ታዲያ በደራሲው ስም ልጥራት?" ቢሏቸው፣ "ኧረ በስመ አብ! ገዳይዋ እሱ አይደል እንዴ!" የታመመው የመጽሐፍ ሰው ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ወደ ሼህ ሙሐመድአሚን ነው። "ሼሁ፣ አንድ የባቲ ነጋዴ ታሞብኛል፣ ዱዓ ያድርጉልኝ" ይላሉ። ሼሁ ደግ ሰው ናቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ለነጋዴው ይለምኑለታል። በሳምንቱ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው "ያ ሰውዬ ተሻለው?" "ገና አልደረስኩበትም ሼሁ፤ የበልግ ምርቱን ሳስገባ ተቋረጠብኝ።"

ከዚያ የሼሁ ዱዓ ያልደረሰለት አንድ ሰው ሞተ። እትዬ አሰጋሽ ዓይናቸው አብጦ መጡና መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ወረወሩት። "ደህና ነው አላልከኝም? ውሸታም! እኔ እኮ ደህና ነው ብዬ ሌሊቱን ተኝቼ አደርኩ!" ከዚያ ለብዙ ቀን ሰላም አላሉትም። ጀማሉዲን አፍሮ ሳለ ነው እንግዲህ የባሰው የመጣው።

ሃሩን የሚባል ልጅ ከዚያው ከጅቡቲ ባሕር ተርፎ ተመለሰ። ቀጥታ ወደ ቤቱ አልገባም፤ ሼህ ሙሐመድአሚን ዘንድ ገባና ሁሉንም ነገራቸው። ጀልባው አንድ ነበር። ተገለበጠ። ሃሩን አንድ ጀሪካን ደርሶት ተንሳፈፈ፤ ደርበውን ውሃው ሲወስደው በዓይኑ አይቷል። ይህን ተናግሮ ሲያበቃ የደርበውን እናት በመንገድ ማየት አልችልም ብሎ ደጎሎ ወዳለ አጎቱ ሄደ።

ሼሁ የቅሬው ሰብሳቢ ናቸው። ቅሬው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት እድር ነውና ቄሱንም ሌሎቹንም ጠሩ፤ ጀማሉዲንም ተጠራ። መርዶው እንዲነገር ማንም አልተቃወመም። መቼ ይነገር የሚለው ነው ያስቸገረው። ፍልሰታ ነበር፤ በጾሟ እንዴት ይነገራት ተባለ። ፍልሰታ ተፈታ፤ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ይምጣ ተባለ። ወንድሟ መኪና አጣሁ አለ፣ ኋላም መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ የብርሀንነሽ ልጅ ሰርግ መጣ፤ በአንድ ሰፈር ድንኳን ለሰርግም ለለቅሶም አይቆም። ከዚያ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል አሉ። ከዚያ ሮመዳን ገባ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ዞረ፤ የሚያውቀውም ሰው በዛ፣ በዛና ከተማው ሁሉ አወቀ። ከእሳቸው በቀር።

"አንተ ጋ ነው የምትውል" አሉት ሼሁ ያን ጊዜ ጀማሉዲንን። "ባሕርና ጀልባ ያለበት መጽሐፍ እጇ እንዳይገባ። እናት ልጅ የሚሞትባትም እንዳይገባ። ልቧ ይጠረጥራል።"

"ሼሁ፣ እኔ እኮ መጽሐፍ አላነብም።"

"ታዲያ ምን ታደርገዋለህ?"

"አከራየዋለሁ።"

"እንግዲያው አንብብ፣ አቦ! ሌላ ምን እልሃለሁ?"

ጀማሉዲን ማንበብ የጀመረው እንግዲህ እንደ ኬላ ፈታሽ ነው። ገጽ ይገልጣል፣ ጀልባ ይፈልጋል፣ ሬሳ ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ጣቱን እያስኬደ፣ ለፍቶ ነበር የሚያነበው። ታዲያ ለመፈተሽ የገባ ሰው ጭነቱ ውስጥ ያየው ነገር ይዞ አስቀረው። አንድ ቀን "ካርድ!" ብለው ሦስት ሰው ጠርተው ሳይሰማ ሄዱ። ሚስቱ ሀዲያ ማዕድ ላይ ብቻውን ሲስቅ አግኝታው "ከማን ጋር ነው የምትስቀው?" አለችው፤ ስልኩንም አየች። "ከአንዲት አሮጊት ጋር" አላት፤ ገጽ ላይ ያለችውን ማለቱ ነው፤ ሀዲያ ግን ለሁለት ቀን አኮረፈች። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሳያውቅ መኖሩ አንገበገበው። አባቱ በሕይወት ኖረው አንዷን ታሪክ ባነበበላቸው ብሎ ተመኘ።

ደስታው ግን ከጉሮሮው አይወርድለትም ነበር። በምን አገኘው? ሴትዮዋን ለመዋሸት! ደግሞም የሚሞት የሌለበት መጽሐፍ ፍለጋ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ደራሲ የሚሉት ፍጡር ሰው ሳይገድል አያድርም። ሰው ቢያጣ በቅሎ ይገድላል። ካለው መጽሐፍ ሁሉ እትዬ አሰጋሽን የማይነካው ከእጅ ጣት አይበልጥም፤ እሱንም እያቆራረጠ፣ አንዱን ለሁለተኛ ጊዜ እየሰጠ ያቆያቸዋል።

እሳቸው ምን እንደሚሉ ልንገራችሁ? "ጀማልዬ፣ አንተም አንባቢ ሆንክ! አየህ፣ አሁን ሁለት ሆንን" ይሉታል። "ደርበው ሲደውል አንድ ባንድ ነው የማወራለት። እዚያ አገር ብቻውን ምን ይሰማል ብለህ ነው። ቆጥቤለታለሁ፣ ሁሉንም ታሪክ።" ጀማሉዲን ይህን ሲሰማ ባትሪ እንደሚፈልግ ሰው ባንኮኒው ሥር ይገባል።

በመጨረሻ አረንጓዴው መጣ። አስተማሪው ሁለት ቅጂ ነበር የተወው፤ ታሪኩ ተራራ ጫፍ ላይ ስለተመደበ አንድ መምህር ነው። ጀማሉዲን በዚህ መምህር ፍቅር ወደቀ ማለት ይቻላል። ሰውየው ውሃ በሌለበት አገር ምንጭ ያስቆፍራል፣ ከምክትሉ ጋር ይጣላል፣ የባላገሯን ልጅ ይወዳል፣ ለማግባትም ያፍራል። እንዳያልቅበት ብሎ በቀን ጥቂት ገጽ ብቻ ያነብ ነበር። እትዬ አሰጋሽ ደግሞ ፊቱን አይተው "ያንን አምጣ! ለብቻህ ትበላለህ እንዴ?" አሉት። ገና ሲሶው ይቀረዋል። ተራራ ላይ ነው፣ ባሕር የለ፣ ጀልባ የለ፣ እናቱም ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሞታለች፤ ምን ይመጣል ብሎ ሁለተኛውን ቅጂ ሰጣቸው።

እሳቸው ሲጀምሩ አያርፉም፤ ቀደሙት። በአንዱ ከሰዓት ሱቅ ሲመጡ ጀማሉዲን ፊቱ እያበራ "እትዬ! መምህሩ በበቅሎ ሽማግሌ ሊልክ ነው መሰለኝ፣ ሊያገባ ነው!" አላቸው። እትዬ አሰጋሽ አዩት፣ አዩትና ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ይሁን፣ ይሁን የኔ ጌታ" ብለው ስልካቸውን እንኳ ሳያሳዩት ወጡ። ጀማሉዲን ግራ ገባው።

ከሱቁ የት እንደሄዱ ኋላ ሼሁ ራሳቸው ነግረውታል። ቀጥታ ወደ እሳቸው ነበር የሄዱት።

"ሼሁ፣ ነገ ጠዋት መርዶ አለብን። ለጀማሉዲን ነው።"

"ኢንና ሊላህ! ማን አረፈ?"

"መምህሩ። የአረንጓዴው መጽሐፍ። ንዳድ ነው የገደለው፤ ሊያገባ ሲል። ያ ልጅ ገና አላወቀም፣ እየሳቀ ነው የሚያነብ! ብቻውን ገጹ ላይ ድንገት ቢደርስበትስ? ጨዋ ሰው እንዲህ ይደረጋል?"

ሼህ ሙሐመድአሚን በሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀው በመለሷቸው። ግን ለዚህች ሴት ዓመት ሙሉ አንድ ጠዋት ያጡላት እሳቸው ናቸው። ምን አፍ ኖሯቸው ይስቃሉ? ወደ ቄሱ ላኩባቸው። ቄሱም ሰምተው "እንሂድ እንጂ፤ ምን እንላለን" አሉ።

ጎህ ሲቀድ ጀማሉዲን ከሱብሒ ሶላት ተመልሶ ጫማውን ሲያወልቅ ጉሙ ውስጥ ሰው ሲመጣ አየ። ሼሁ ከፊት፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከጎን፣ እትዬ አሰጋሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሐል። ይህን ያየ ወሎዬ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ወንድሙ ሳቢር ሪያድ ነው የሚሠራው።

"ማነው? ሳቢር ነው? በአላህ፣ ሳቢር ነው?"

"ሳቢር ደህና ነው። አንተ መጀመሪያ ተቀመጥ" አሉት እትዬ አሰጋሽ። የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጡት። አንድ ትከሻውን እሳቸው ያዙ፣ አንዱን ሼሁ እንዲይዙ በዓይናቸው አዘዙ። ድምፃቸው የድሮው የስልክ ቤቱ ድምፅ አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ፣ ብዙ ደጅ የቆመ ድምፅ ነበር። "ጀማልዬ፣ ሰው ሁሉ ሟች ነው። አብሽር። በርታ። መምህሩ አርፏል።"

"የቱ መምህር?"

"የአረንጓዴው።"

ጀማሉዲን ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ለሳቢር በሕይወት መኖር አለቀሰ። ለመምህሩም አለቀሰ፣ መሸሸግ አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ ግን ትከሻውን የያዘው የእትዬ እጅ ነበር ያስለቀሰው፤ አጥብቆ፣ እንዳይወድቅ ብሎ የያዘው።

"አልቅስ፣ ይውጣልህ" ይሉታል እያሻሹት። "ለብቻህ እንዳትሰማው ብዬ ነው።"

በዚህ መሐል ማዶ ብርሀንነሽ በሯን ከፈተች። ሼሁን አየች፣ ቄሱን አየች፣ የእትዬ አሰጋሽን ነጠላ ተዘቅዝቆ አየች፣ ሰው ሲያለቅስም ሰማች። ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ያመቀችው ነገር ፈነዳ።

"ወይኔ ደርበውዬ! ነገሯት! ዛሬ ነገሯት! ባሕር የበላህ ልጄ! ወይኔ!"

በር ሁሉ ተከፈተ። ይህን ጠዋት ሲጠብቅ የከረመ ሰፈር ነው፣ መቀስቀስ አላስፈለገውም። ነጠላውን እየጎተተ፣ ደረቱን እየደቃ፣ "ደርበው! ደርበው!" እያለ ወጣ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው "ቆዩ! ኧረ ቆዩ! እሱ አይደለም!" ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም።

እትዬ አሰጋሽ እንደቆሙ ነበሩ። እጃቸው አሁንም የጀማሉዲን ትከሻ ላይ ነው። ሰዉን አንድ ባንድ አዩት፣ ልክ ማን በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ እንደሚለዩ ሁሉ።

"ደርበው ምን ሆነ?"

ነጠላውን የሚጎትተው፣ ደረቱን የሚደቃው ሁሉ ባለበት ቆመ። ሼሁ የዘረጉትን እጅ አወረዱ።

"ሼሁ፣ ደርበው ምን ሆነ?"

"አላህ ሰብሩን ይስጥሽ አሰጋሽ። ጀልባው... አምና ነው። የሰማነው በፍልሰታ።"

"አምና በፍልሰታ" አሉ እትዬ አሰጋሽ። ቀስ ብለው ወደ ጀማሉዲን ዞሩ። "አንተም ታውቃለህ?"

ጀማሉዲን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም ያን ጊዜ እጃቸውን ከትከሻው ላይ አነሱ።

"እኔ ለመጽሐፍ ሰው እንኳ አንድ ጠዋት አላጣሁም" አሉ። አልጮሁም። "ለልጄ አንድ ጠዋት አጣችሁለት?"

ከዚያ የያዛቸው የለም። ሊይዟቸው የቀረቡትን ሁሉ በእጃቸው ገፍተው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከተማው ከኋላ እያለቀሰ ተከተላቸው። በራቸውን ሲያልፉ ነው ድምፃቸው የተሰማው። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ስለሱ አያወራም፣ እኛም እዚህ ላይ እንለፈው።

ድንኳን ቆመ። ሬሳ የለም፤ ፎቶና አንድ ጃኬት ነው የተለቀሰበት። ጀማሉዲን የቅሬውን ወንበር ተሸከመ፣ ውሃ ቀዳ፣ ከአጅባርና ከአቀስታ የመጣውን ለቀስተኛ አስተናገደ፤ ፊታቸውን ቀና ብሎ ማየት ግን አልቻለም። ሱቁን ሲከፍትም መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። አረንጓዴውን አልጨረሰውም። መምህሩ እንደሆነ ሞቷል፣ ተነግሮታል።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት እትዬ አሰጋሽ ጥቁራቸውን ለብሰው ሱቁ ደጃፍ ቆሙ። ጀማሉዲን ዱካውን ሊያቀብል ብድግ አለ። አልተቀመጡም። ስልክም አላወጡም።

"መጽሐፍ ስጠኝ።"

ካርቶኑን ፈታ። ንጹሑን፣ ማንም የማይሞትበትን፣ በሰርግ የሚያልቀውን አወጣላቸው። ገለጥ አድርገው መለሱለት።

"ይሄን አይደለም። ልጅ የሚሞትበት።"

"እትዬ፣ ኧረ በአላህ..."

"ዋሽተኸኛል ጀማሉዲን። አሁን አትዋሸኝ።" የቁልምጫ ስሙን ሳይጠሩት ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። "ልጅ የሚሞትበት ስጠኝ አልኩህ። እናቱ በማግስቱ ምን እንዳደረገች የሚናገር። ተነስታ ምን እንደሠራች። እኔ አላውቀውም። አንድ ሰው ጽፎት ይሆናል።"

ጀማሉዲን እንደዚያ ሰሞን አንብቦ አያውቅም። የሸሸገውን ሁሉ አወጣ፤ ጀልባ ያለበትን፣ ባሕር ያለበትን፣ ጦርነት ያለበትን። ልጅ የሚሞትበት ሞልቷል! እያሳመሩ፣ እያስለቀሱ ገድለውታል። ከዚያ ገጹ ሲገለጥ አዲስ ምዕራፍ ነው፤ "ከብዙ ዓመት በኋላ" ይላል። እናቲቱ ወይ ትሞታለች፣ ወይ ታብዳለች፣ ወይ ሸብታ ትመጣለች። የማግስቱ ጠዋት የለም። ለደሴ ሾፌሮች ነገራቸው፣ እነሱም የመጽሐፍ ነጋዴ ጠይቀው ወፋፍራም ወፋፍራሙን አመጡለት። በዚያም የለም። አንዳንዴ ተናዶ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ይመታዋል፤ ሀዲያም አሁን ከማን ጋር እንደተጣላ አትጠይቀውም።

በመጨረሻ ባዶ እጁን ሄደ። ጠዋት ነበር፣ ጉሙ ገና አልተነሳም። እትዬ አሰጋሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኛቸው።

"አመጣህ?"

"አላገኘሁም እትዬ።" ይህን ለማለት መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር የመጣው። "ሁሉንም አነበብኩ። ሁሉም ዘለውታል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ሊያባርሩት ነው ብሎ ጠበቀ፤ ቢያባርሩትም አይቀየምም ነበር።

"እንግዲያው ግባ" አሉት። "ተቀመጥ እዚያ። እኔም ምን እንደማደርግ አላውቅም።"

ጀማሉዲን መደቡ ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ትንሽ እንደቆሙ ቆዩ። ከዚያ ውሃ አንስተው ፊታቸውን ታጠቡ። አጎዛውን አራገፉ። ትናንት የተሰጣውን ገብስ ከጆንያው አውጥተው ደጅ ላይ ዘረጉ፣ ዶሮዎቹን አባረሩ፣ መሐል ላይ ቆመው የረሱትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያቸውን አዩ፣ አለቀሱ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱና ገብሱን በእጃቸው በተን በተን ማድረጉን ቀጠሉ። ጀማሉዲን አንዱንም ሳይዘል አየ። ሱቁ ያን ቀን ሳይከፈት ዋለ።